በጥቁርና ነጭ የገደልኩት ሰው

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን እጄን ይዛ አምቦ አስፋልቱ ዳር ወዳለ ፎቶ ቤት ወሰደችኝና «ቤት ከምትቀመጪ መቀስ ያዢ» አለችኝ። መቀስ ያዝኩ። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ መቁረጥ፣ መታወቂያ ላሚኔት ማድረግ፣ ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነበር። ሰው ሲሞት ደግሞ ዘመዶቹ የተጣጠፈች ጉርድ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷን ስካን አድርጌ አሳድጋለሁ፣ ወደ ጥቁርና ነጭ እቀይራለሁ፣ ጥጓ ላይ ጥቁር ሪባን አስገባለሁ። የድንኳን ፎቶ እንላታለን። እንቅልፍ እያንጎላጀኝም ቢሆን እሠራት ነበር።

የፎቶ ቤቱን ባለቤት ጋሼ ነው የምለው። ከተማው ግማሹ ኦቦ ይለዋል፣ ግማሹ ጋሼ፤ ለሁለቱም «አቤት» ይላል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ፏፏቴና ሁለት ነጭ ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ሰው እያቆመ ኖሯል። ከዳክዬዎቹ አንዷ ቀለሟ ተልጦ አንገት የላትም፤ ወፈር ያለ ደንበኛ ሲመጣ እዚያች ጋ ያቆመዋል። የሚያምንበት ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ፊት፣ እጅ፣ ጫማ። ሦስቱ ካልታዩ ፎቶ አይደለም።

«ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ጫማ ይገዛል» ይለኛል። «መግዣ ካጣ ይዋሳል። አንቺ ከወገብ በላይ ቆርጠሽ ብትሰጪው ዘረፍሽው ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ ሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ሆነኮ። የአምቦ ሰው በሙሉ የአንድ እናት ልጅ መሰለ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ይዋደድ።»

እኔ የምፈልገው ትንሿን ካሜራ ነበር። ሁለት ካሜራ አለን። ትልቁን ከእሱ በቀር ማንም አይነካውም፤ ትንሿ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፋ የምትቀመጥ፣ ለውጭ ሥራ ብቻ የምትወጣ ናት። ለዩኒቨርሲቲው ምረቃ፣ ለጌዶ ሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን። ውጭ የሚሠራ ሰው ይሄዳል፣ ያያል። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል አልችልም፤ ያስተማሩኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። እናቴ በበኩሏ ቆርጣ ነበር። «እስከ ሰኔ ከመቀስ ካላለፍሽ ባኮ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ባኮ አክስቴ የበቆሎ መጋዘን አላት። ሙቀቱን፣ የጆንያውን አቧራ፣ ከሁሉም በላይ የአክስቴን ምክር ሳስበው ጀርባዬን ያሳክከኛል።

ጥር ላይ ጋሼን አፋጠጥኩት።

«ትንሿን ካሜራ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊባት?»

«አርት።»

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው፣ ድምፅ የለውም። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንዲህ አለኝ፦ «ከፍሎ የተነሳ ሁሉ የእኔን ፎቶ ይወስዳል። በላዩ ላይ አንድ ምራቂ አንሺለት፣ እንደፈለግሽ አድርገሽ። እስከ ምረቃ ድረስ አንድም ሰው ‹ይሄን መልሱልኝ› ካላለ ዘንድሮ የምረቃውን ሥራ አንቺ ትሠሪያለሽ። አንዲት ፎቶ ከተመለሰች ግን ሁለተኛ ካሜራ አታንሺብኝ።»

ተስማማሁ። ማን ነው በነፃ የተሰጠውን የሚመልስ? ብዬ።

መጀመሪያ ላይ ከስልክ ቪዲዮ ነበር የምማረው። ከዚያ ዳታ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ሲለው ይመጣል ሲለው ይጠፋል፤ ያኔ እንዲህ ነበር። የሚያሳየኝ ሲጠፋ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ማየት ጀመርኩ። ቢጫ ፌስታል መሃሉን ቀድጄ ሌንሱ አፍ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። መሃል ላይ ሰውየው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ዳር ዳሩ ግን የመሸ ፀሐይ የመሰለ ጭጋግ ይሆናል። በዚያ ያነሳኋት አንዲት ነርስ «የት ሀገር ሄጄ ነው?» ብላ ፎቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ቀን አሮጌ የሌንስ መከለያ መስታወት አገኘሁና ዳር ዳሩን ቫዝሊን ቀባሁት፤ መሃሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግኩት። ሙሽሮች ሕልም ውስጥ ያሉ መሰሉ። ጋሼ ግን ቫዝሊኑን እጄ ላይ ሲያይ ፊቱ ነጣ።

«ሌንሱን ነካሽው?»

«መስታወቱን ነው የቀባሁት፣ ሌንሱን አልነካሁም።»

«ነክተሽው ቢሆን ፀጉርሽን እላጭሽ ነበር።»

ሌላም አለ። የስልኬን ስክሪን ጠርጌ ከሌንሱ ሥር አጋድሜ ሳስጠጋው ከፊቴ ያለው ነገር ሁሉ ተገልብጦ ይታይበታል፤ ደረቅ አስፋልት ሐይቅ ይሆናል። አንዱን የባጃጅ ሹፌር ከነባጃጁ እንዲያ አንስቼው፣ «ባጃጄን ጀልባ አደረግሽልኝ፣ አሁን ትራፊክ አይዘኝም» ብሎ ለጓደኞቹ ሁሉ አሳየ። ወንፊቱ ግን አዋረደኝ። ከቤት የእናቴን ወንፊት አምጥቼ በፀሐይና በአንዲት ተማሪ ፊት መሃል ያዝኩት፤ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ ጉንጯ ላይ ትንንሽ ከዋክብት ዘራ። እኔ እንደዚያ ነው ያየሁት። እናቷ ስታየው «ውይ! ኩፍኝ ወጥቶባት ነው እንዴ ያነሳሻት?» አለች። ልትመልሰው ስትል ልጅቷ ነጥቃት ሮጠች። ልቤ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

አንድ አስተማሪ ደግሞ ነበሩ። በሩ ላይ አቆምኳቸውና ብርሃኑን ከኋላቸው አድርጌ ጥላቸውን ብቻ አነሳሁ። ፎቶውን አቀረቡት፣ አራቁት።

«የኔ እህት፣ ይሄ ጥቁር ነገር እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«በምን ይታወቃል?»

«በጆሮዎ።»

ጆሯቸውን ዳሰሱ፣ ፎቶውን አዩ፣ ሳቁ፣ ይዘው ሄዱ። አልተመለሰም።

ግንቦት እንዲህ አለቀ። ሰኔ ሲገባ ከጎጆ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጎጆ ከእኛ በላይ ያለ ብርድ አገር ነው፤ ድንችና ገብስ ያመርታሉ። ለመሬት ደብተር ጉርድ ፎቶ ፈልገው ነው፤ በዚያውም ሳላቸውን ሆስፒታል ሊያሳዩ። ውጤቱን ጠብቁ ስላሏቸው አንዲት የአገራቸው ልጅ የተከራየቻት ክፍል ውስጥ እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት እኛ ደጃፍ መጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም አባባ እላቸዋለሁ። ድንች በባዶ እግር የሚተከለው ለምን እንደሆነ፣ በግ ሲዋሽ በምን እንደሚታወቅ ያስተምሩኛል። በግ ሲዋሽ አላየሁም፣ ግን አመንኳቸው።

አንድ ቀን ጋሼ ትልቁን ካሜራ ይዞ ለሠርግ ጌዶ ሄዶ ብቻዬን ነበርኩ። ድንገት ዝናብ መጣና አባባ ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጠው ውጭ ውጭውን ማየት ጀመሩ። ብርሃኑ ከአንድ ጎን ብቻ መጣ። የጋሼ መብራት ሁሌ ከፊት ነው የሚመጣው፣ ፊትን ግድግዳ እንደሚለስኑት ይለስነዋል። የዚያ ቀን ብርሃን ግን ግንባራቸው ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር እየቆፈረ አለፈ። ግማሽ ፊታቸው በራ፣ ግማሹ ጨለማው ውስጥ ቀረ። ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። አንዲት ብቻ።

ኮምፒውተር ላይ አወጣሁት። ከኋላቸው የነበረውን የፎቶ ኮፒ ማሽን አጠቆርኩት። ጋቢያቸው ዳር ላይ ያለው ቀይ ክር ዓይኔን ሳበብኝ፤ ቀለሙን በሙሉ አጠፋሁት። ጥቁርና ነጭ ሆነ። ትልቅ አድርጌ አተምኩትና የደጁ መስታወት ላይ፣ ከሙሽሮቹ ሁሉ በላይ ለጠፍኩት።

የድንኳን ፎቶ በየሳምንቱ የምሠራ ሰው እንዴት አላሰብኩም? አላሰብኩም። ሪባን የለውማ። ሪባን ከሌለው አርት ነው፤ ጭንቅላቴ የሚሠራው እንደዚያ ነበር።

በነጋታው የገበያ ቀን ነበር፤ አባባ ውጤታቸውን ሊጠይቁ ሆስፒታል ሄደዋል። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋደም አድርጎ ሲያልፍ መስታወቱ ጋ ደርሶ ቆመ። ላሚኔት እያደረግኩ በመስታወቱ ውስጥ አየዋለሁ። ጠጋ አለ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ዱላው ከእጁ ወደቀ፣ ጋቢውን ራሱ ላይ ጣለ፣ አለቀሰ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰና ዱላውን አንስቶ ወደ መናኸሪያው ሮጠ።

እኔ ምን አልኩ? ፎቶዬ ሰው አስለቀሰ አልኩ። ደስታዬን ልናገር አልችልም። ማታ ለእናቴ «አንድ ገበሬ ፎቶዬን አይቶ አለቀሰ» ብዬ ነገርኳት። «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። የእናቴ ጥያቄ ሁሌ ቀድሞ ይደርሳል።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ከጌዶ ገብቶ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ፣ አንድ አይሱዙ ደጃችን ላይ ቆመ። ላዩ ላይ ያለው ሰው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። «ያ ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜን!» የሚል ጩኸት ከመኪናው ቀድሞ ወረደ። ሴቶቹ መስታወቱ ፊት ደረታቸውን ይመታሉ። ያ የትናንቱ ጎልማሳ ከፊት ከፊት እየመራ ገባና ጋሼን በትህትና ጎንበስ ብሎ ጠየቀው።

«ኦቦ፣ አስከሬኑን የት አደረጋችሁት?»

ጋሼ እኔን አየ። እኔ መስታወቱን አየሁ። ያኔ ነው የገባኝ።

ጋሼ አልጮኸም። «ይሄን ፎቶ ማን አነሳው?» ብቻ አለ።

«እኔ።»

«ሰውየው የት አሉ?»

ሮጥኩ። አባባ በዚህ ሰዓት የት እንደሚገኙ አውቃለሁ፤ ማዶ ካለችው ቁርስ ቤት ፉል ይበላሉ። እዚያው ነበሩ። ዳቦውን እየነከሩ ቀና አሉ።

«ኢንታላ ኮ፣ ጉርዱ ደረሰ?»

«አይ አባባ፣ ለቅሶዎ ነው የደረሰው። ይነሱ!»

በሠፈሩ ፊት እጃቸውን ይዤ አስፋልቱን አሻገርኳቸው። ዳቦዋ እጃቸው ላይ ናት። መጀመሪያ ያየቻቸው እህታቸው ነበረች፤ ጸጥ አለች። ሁሉም ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተጠግታ ጉንጫቸውን ነካች፣ ከዚያ በሁለት ቡጢ ደረታቸውን ትደቃቸው ጀመር።

«ሞተህ አይደለም እንዴ! ለምን አትደውልም!»

«ኔትወርክ የታለ? ደግሞ ፉል እየበላሁኮ ነው።»

«አንተ ፉል ትበላለህ፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ፊቴን ስነጭ!»

ከዚያ ሳቅ ነው ልቅሶ ነው የማይለይ ነገር ሆነ። ጎልማሳው፣ የእህታቸው ባል ኖሯል፣ ያንን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው እሱ ነውና ጥግ ይዞ ዱላውን ያያል። ለቀብር ያመጡትን ዳቦ ፈትተው ለእኛም ቆረሱልን። ከእኛ የበላው ጋሼ ብቻ ነበር። እኔ ድርሻዬን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኩት።

እህትየው ነገሩ ሲበርድላት ወደ መስታወቱ ዞረች። «ይሄን አውርዱልኝ! በቁሙ ማሟረት ነው። ቤቴ አይገባም፣ እዚህም አይቀርም።» ራሷ ገነጠለችውና ጋሼ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ተመለሰ። በአምስት ወር ውስጥ የመጀመሪያው፣ ያውም ከምወደው ሁሉ። ትንሿን ካሜራ ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ባኮ፣ አልኩ በሆዴ።

«ቆዩ እስቲ» አሉ አባባ። ፎቶውን ከጋሼ እጅ ወስደው፣ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «እንዲህ ነኝ እንዴ?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አስገቡት። «እወስደዋለሁ። ሣጥኔ ውስጥ ይቀመጣል። እውነተኛው ቀን ሲመጣ ጉርድ ፍለጋ ከምትንከራተቱ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።»

«አፍህን ቁረጠው!» አለች እህትየው።

«እኔ ልሙት፣ አምሮብኛል።»

ጋሼ ያን ጊዜ ነው ትከሻው የሳቀው።

ሊሄዱ ሲሉ አንደኛዋ ሴት፣ ይሄን ያህል ዘመድ አንድ መኪና ላይ ተሰብስቦ እንደማያውቅ፣ ሰው ሳይሞት መሰብሰባቸውም የመጀመሪያቸው እንደሆነ፣ አንድ ፎቶ ሳይነሱ ቢመለሱ ነውር እንደሚሆን ተናገረች። ሁሉም ተስማማ። ከሃያ ሰው በላይ ነው፤ ዳክዬዎቹ ፊት አይበቃም። ደጁ ላይ ይሰለፉ ተባለ፤ ከፍ ካለ ቦታ ካልተነሳ ደግሞ የኋለኞቹ አይታዩም። ጋሼ አይሱዙውን አየ፣ ጉልበቱን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ካሜራ አየ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ውጪ» አለኝ።

መኪናው ላይ ወጣሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ነጠላው ዓይናቸው ላይ ጥላ ጥሏል። ደመና እስኪያልፍ ጠብቁ አልኳቸው። ስጠብቅ ነው ያየሁት፤ ሁሉም ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው፣ ጥለቱ አንገታቸው ላይ። እንዲህ ባነሳቸው ሁለተኛ ልገድላቸው ነው።

«ነጠላችሁን አስተካክሉ! ሰውየው አሉኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳቁና ሃያ ምናምን ሰው በአንዴ ነጠላውን ገፎ ይገለብጥ ጀመር። ደመናው ፀሐይዋ ላይ መጥቶ ነበር፤ እነሱ ሳይጨርሱ የካሜራዋን መዝጊያ ፍጥነት ዝቅ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ክርኔን የመኪናው ብረት ላይ ደግፌ ተጫንኩት። ከዚያ ሲረጋጉ የጋሼን ዓይነት፣ ሁሉም ነገር የሚታይበትን ደገምኩ። ከነጭቃ ጫማቸው።

እነሱ የወሰዱት ሁለተኛውን ነው፤ በየቤቱ ቁጥር አተምንላቸው፣ አይሱዙው እየዘፈነ ሄደ። የመጀመሪያውን ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ከፈተው። ነጩ ጨርቅ ሁሉ በእንቅስቃሴው ተጎትቶ ጭስ መስሏል፤ የማንም ፊት በደንብ አይለይም። መሃል ላይ በርጩማ ላይ የተቀመጡት አባባ ብቻ፣ ነጠላ የሚገለብጡት የላቸውምና፣ ቀጥ ብለው ጥርት ብለው ይታያሉ። ጥርሳቸው ሳይቀር።

«ተበላሽቷል» አለ ጋሼ።

«እኮ፣ ላጥፋው?»

መነጽሩን አወጣና ጠርጎ መልሶ አጠለቀው። ፎቶውን አጎላው፣ መልሶ አሳነሰው።

«አታጥፊው» አለ።

ስለ ካሜራዋ ግን ምንም ትንፍሽ አላለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን የያዝኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ቤቱን ጠረግኩ፣ ወረቀቱን ሰበሰብኩ። መብራቱን ስናጠፋ ካሜራዋን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ልመልስ ብሄድ ተቆልፏል። ጋሼ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ደጅ ወጥቷል።

«ጋሼ! ካሜራዋ እዚህ ናት!»

«አላየሽም እንዴ፣ ቆልፌያለሁ» አለ ዞሮ ሳያይ። «ባትሪውን ቻርጅ አድርጊው። ነገ ተመራቂዎቹ ገዋን ለብሰው ይወጣሉ፣ በጠዋት ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ጠብቂኝ። ቫዝሊን እንዳትይዢ።»

ቤት ስገባ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ካሜራዋን አልጋው ላይ አስቀመጥኩላት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ አንስታ መዘነቻት።

«ለአክስትሽ ምን ልበላት?» አለችኝ።

«ሌላ ሰው ትፈልግ በያት።»